መጨረሻ የሌላቸው ጌሞች ለምን አይሰለቹም?

ፓክማን "እንኳን ደስ ያላችሁ፣ ጨርሳችኋል!" ብሎ አያውቅም። ቢጫው ክብ ፍጥረት በመተላለፊያዎቹ ውስጥ እየሮጠ ነጠብጣቦቹን ሁሉ ለቅሞ ሲጨርስ የሚጠብቀው ያው መተላለፊያ፣ ያው ነጠብጣብ፣ ያው አራት መናፍስት ነው። ልዩነቱ ነገሩ ትንሽ መፍጠኑ ብቻ ነው። ስፔስ ኢንቬደርስም፣ አስትሮይድስም፣ ዋናው የቴትሪስ አጨዋወትም እንዲሁ ናቸው። የምታድኑት ሰው የለም፤ የምትፈቱት ምሥጢርም የለም። እስክትሸነፉ ድረስ ትጫወታላችሁ፤ ከዚያ ትሸነፋላችሁ። በቃ።

እስቲ አስቡት፤ መጨረሻው ሽንፈት መሆኑን እያወቅን በፈቃዳችን የምንጀምረው ነገር ነው። ዛሬ ደግሞ እንደ ፊልም የሚታዩ፣ ታሪክ ያላቸው፣ በመቶ ሰዓት የማያልቁ ጌሞች ሞልተዋል። ታዲያ ከ40 ዓመት በላይ ያስቆጠሩት እነዚያ የድሮ ጌሞች ዛሬም ለምን ይይዙናል?

መልሱ ግማሹ ስለ ማሽኑ፣ ግማሹ ስለ አእምሯችን ነው። ሁለቱን አብረን ስናይ ደግሞ አንድ ያልጠበቅነው ነገር ብቅ ይላል፦ መጨረሻ የለውም የሚባለው ጌም በየጥቂት ደቂቃው ያልቃል፤ የምንወደውም አንዱ ምክንያት ይኸው ነው። (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመቶች በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ሁሉም ከሳንቲሙ ይጀምራል

በ1970ዎቹ መጨረሻና በ1980ዎቹ መጀመሪያ ጌም የሚጫወቱት አብዛኞቹ ሰዎች ጌሙን ገዝተው ቤታቸው አያስገቡትም ነበር። በጃፓንና በአሜሪካ ማሽኑ ቁምሳጥን የሚያህል ሆኖ ካፌ፣ ሱቅ ወይም አርኬድ በሚባለው የጌም ቤት ውስጥ ይቆማል። ተጫዋቹ ሳንቲም ያስገባል፤ አሜሪካ ውስጥ 25 ሳንቲም፣ ጃፓን ውስጥ 100 የን። ያ ሳንቲም የሚገዛው ጊዜ ሳይሆን አንድ ዙር ጨዋታ ነው።

አሁን ራሳችሁን በማሽኑ ባለቤት ቦታ አድርጉ። አንድ ሳንቲም አስገብቶ ሁለት ሰዓት የሚጫወት ሰው ያከስራችኋል። በ20 ሰከንድ ውስጥ ተሸንፎ ተናዶ የሚሄድ ሰው ደግሞ ተመልሶ አይመጣም። የምትፈልጉት ተጫዋች ጥቂት ደቂቃ ተጫውቶ፣ ተሸንፎ፣ "አሁን ገባኝ!" ብሎ ሌላ ሳንቲም የሚያወጣውን ነው። በሰፈራችሁ ፕሌይስቴሽን ቤት ክፍያው በጨዋታ ከሆነ ይህ ስሌት ለእናንተ አዲስ አይደለም።

ሁለተኛው ምክንያት ሜሞሪ ነው። በ1978 የወጣው የስፔስ ኢንቬደርስ ሙሉ ፕሮግራም 8 ኪሎባይት ብቻ ነበር። በስልካችሁ ያነሳችሁት አንድ ፎቶ 2 ሜጋባይት ከሆነ፣ በእሱ ቦታ ወደ 250 ስፔስ ኢንቬደርስ ይገባል ማለት ነው። በ8 ኪሎባይት ውስጥ መግቢያ፣ መካከልና መደምደሚያ ያለው ታሪክ አይገባም። አንድ ሜዳ ግን ይገባል፤ ያንኑ ሜዳ እያከበዱ መደጋገምም ይቻላል።

ስለዚህ መጨረሻ አለመኖሩ መጀመሪያ ላይ የጥበብ ምርጫ አልነበረም ማለት ይቻላል። ገንዘቡና ሜሞሪው ሁለቱም ወደ አንድ መፍትሔ ገፉት፦ ጌሙ አያልቅም፤ የሚያልቀው ተጫዋቹ ነው።

ሐሳቡ ራሱ ግን ከኮምፒውተር በጣም ይበልጣል በዕድሜ። ገመድ ዝላይን አስታውሱ። "አሸነፍኩ" የሚባልበት ቁጥር የለም። እግራችሁ ገመዱን እስኪነካ ትቆጥራላችሁ፤ ሲነካ ተራው ለሌላ ይሄዳል፤ 47 የዘለለችው ልጅ ደግሞ እስከ ማታ ድረስ ስሟ ይነሳል። አርኬድ ይህንኑ ወስዶ ሳንቲም መክተቻ ሠራለት።

55 ወራሪዎችና አንድ ደካማ ፕሮሰሰር

መጨረሻ የሌለው ጌም ሲሠራ ትልቁ ጥያቄ ይህ ነው፦ ክብደቱ እንዴት ይጨምር? በጣም ከቀለለ ይሰለቻል፣ በጣም ከከበደ ያስጠላል። የስፔስ ኢንቬደርስ ፈጣሪ ቶሞሂሮ ኒሺካዶ ለዚህ ያገኘው መልስ ግማሹ በአጋጣሚ የመጣ ነው።

ጌሙ ላይ 55 ወራሪዎች በ5 ረድፍ ተሰልፈው ወደ ጎንና ወደ ታች ይንቀሳቀሳሉ። ስክሪኑ በሰከንድ 60 ጊዜ ይታደሳል። ፕሮሰሰሩ ግን ደካማ ስለነበር ሁሉንም ወራሪዎች በአንድ ጊዜ አያንቀሳቅስም፤ በእያንዳንዱ እድሳት አንዱን ወራሪ ብቻ ፈቀቅ ያደርጋል። አሁን እናስላ። 55ቱም በሕይወት ካሉ ሠራዊቱ አንድ እርምጃ ለመራመድ 55 እድሳት፣ ማለትም 0.9 ሰከንድ ገደማ ይፈጅበታል። ግማሽ ያህሉን ስትመቱ እርምጃው ግማሽ ሰከንድ አይሞላም። አንድ ወራሪ ብቻ ሲቀር በየእድሳቱ የሚንቀሳቀሰው እሱ ራሱ ነው፤ በሰከንድ 60 እርምጃ! ያ የመጨረሻው ወራሪ እንደ እብድ የሚሮጠው ለዚህ ነው።

ኒሺካዶ ይህን ሲያይ አላስተካከለውም፤ ጨዋታውን ስለሚያጣፍጠው እንዳለ ተወው። በኢንጂነሪንግ ቋንቋ ይህ አዎንታዊ ግብረ መልስ ይባላል፦ የሥራችሁ ውጤት ተመልሶ ቀጣዩን ሥራችሁን ይለውጠዋል። ጎበዝ በሆናችሁ ቁጥር ጌሙ ይከብዳል፤ የሚያከብደውም ሌላ ማንም ሳይሆን የእናንተው ጉብዝና ነው።

በ1997 በወጣው ኖኪያ 6110 ስልክ ላይ ታኔሊ አርማንቶ የሠራው የእባብ ጌምም በዚሁ መንገድ ይሠራል። ባለ ቁልፍ ኖኪያ የነበራቸውን ወላጆቻችሁን ወይም ታላላቆቻችሁን ብትጠይቋቸው ያስታውሱታል። እባቡ በበላ ቁጥር ይረዝማል፤ በረዘመ ቁጥር መሄጃ ያጣል። በመጨረሻ የሚጥላችሁ ጠላት ሳይሆን እስካሁን የሰበሰባችሁት ድል ነው። ደንቡ አንድ መስመር ነው፤ ከዚያ መስመር የሚወጣው ጭንቀት ግን ማለቂያ የለውም።

ከ16 ሰከንድ ወደ ሲሶ ሰከንድ

ቴትሪስን በ1984 ሞስኮ ውስጥ የፈጠረው አሌክሴይ ፓጂትኖቭ ነው፤ በሶቪየት ሳይንስ አካዳሚ የኮምፒውተር ማዕከል ይሠራ ነበር። በ1989 ኔንቲዶ ለቤት ማሽኑ ያወጣውን ቅጂ እንውሰድ፤ ፍጥነቱ በቁጥር የታወቀ ስለሆነ ለማስረዳት ይመቻል። ሜዳው ቁመቱ 20 ረድፍ ነው። አንድ ቁራጭ ከላይ እስከ ባዶ ሜዳ ግርጌ ለመውረድ የሚፈጅበት ጊዜ እንዲህ ነው፦

በደረጃ 0፦ 16 ሰከንድ
በደረጃ 9፦ 2 ሰከንድ
በደረጃ 18፦ 1 ሰከንድ
በደረጃ 19፦ 0.67 ሰከንድ
በደረጃ 29፦ 0.33 ሰከንድ

አንድ ነገር ስክሪን ላይ አይተን ቁልፍ ለመጫን ብቻ አብዛኞቻችን ከ0.2 እስከ 0.25 ሰከንድ ይፈጅብናል። እንግዲህ በደረጃ 29 ለማሰብ የሚተርፈው ጊዜ የዓይን ርግብታ እንኳ አይሞላም።

የመጀመሪያዎቹን ደረጃዎች ግን ተመልከቱ። ከ16 ሰከንድ ወደ 2 ሰከንድ የሚኬደው በአንድ ዝላይ ሳይሆን በዘጠኝ ትናንሽ እርምጃዎች ነው። ከደረጃ 0 ለጀመረ ሰው አንዱን ደረጃ ለማለፍ 10 መስመር ማጥፋት ያስፈልጋል፤ እዚያው እየተጫወተ እጁ ይለምዳል። ክብደቱ ይጨምራል፣ ችሎታውም ተከትሎ ይጨምራል።

ይህ ለምን ደስ እንደሚል ያስረዳው ሚሃይ ቺክሰንትሚሃይ የሚባለው የሥነ ልቦና ተመራማሪ ነው። ተራራ ወጪዎችን፣ ሙዚቀኞችን፣ ቼዝ ተጫዋቾችን፣ ቀዶ ጥገና ሐኪሞችን ሥራቸው ላይ ተመስጠው ሳለ ምን እንደሚሰማቸው ጠየቃቸው። ሁሉም የሚመሳሰል ነገር ነገሩት፦ ጊዜው ይጠፋል፣ ራስን መርሳት ይመጣል፣ ሐሳብና እጅ አንድ ይሆናሉ። ይህን ሁኔታ "ፍሰት" ብሎ ጠራው። ፍሰት የሚመጣው የሥራው ክብደትና የሠሪው ችሎታ ሲመጣጠኑ ነው። ሥራው ከችሎታችን በጣም ካነሰ እንሰለቻለን፤ በጣም ከበለጠ እንጨነቃለን። በተጨማሪም ግቡ ግልጽ መሆን አለበት፤ እየተሳካልን ይሁን አይሁን ወዲያው ማወቅ አለብን።

አሁን ቴትሪስን በዚህ መስፈርት መዝኑት። ግቡ በአንድ ዓረፍተ ነገር ያልቃል። ያጠፋችሁት ቁራጭ ከዓይናችሁ ፊት ተገትሮ ይታያል። ክብደቱ ደግሞ ከዜሮ ተነስቶ ማንም ሰው የማይችለው ጋ ይደርሳል፤ ስለዚህ ጀማሪም ሆናችሁ ጎበዝ፣ መንገዱ ላይ አንድ ቦታ የእናንተን ችሎታ በትክክል የሚገጥም ነጥብ አለ። ጌሙ እናንተን አያውቃችሁም፤ ግን በእያንዳንዱ ዙር በእናንተ ልክ የተቆረጠበት ቦታ ላይ ያልፋል። ታሪክ ያለው ጌም ይህን ማድረግ ይከብደዋል፤ መጨረሻውን ሁሉም ሰው እንዲያየው ስለሚፈልግ አንድ ቦታ ላይ ክብደቱን ማቆም አለበት።

"አንድ ጊዜ ብቻ!"

እሺ፣ መጫወቱ ያስደስታል እንበል። ከተሸነፍን በኋላ እንደገና የምንጀምረውስ ለምንድን ነው?

በመጀመሪያ፣ ለምን እንደተሸነፍን እናውቃለን። "ቀዩን መንፈስ ሳላየው ወደ ቀኝ ታጠፍኩ።" ምክንያቱ አንድ ነው፤ የእኛ ነው፤ ሊስተካከል ይችላል። በእውነተኛ ሕይወት ይህን ያህል የጠራ ስህተት እምብዛም አናገኝም። የሒሳብ ፈተና ወድቃችሁ ምክንያቱን ስትፈልጉ እንቅልፍ ማጣት፣ መጽሐፍ ማጣት፣ መምህሩ፣ ራሳችሁ፣ ሁሉም ይደባለቃል። ፓክማን ላይ አይደባለቅም።

ሁለተኛ፣ እንደገና መጀመር ርካሽ ነው። ስህተቱን ባወቅንበትና በምናርምበት ቅጽበት መካከል ያለው ርቀት ጥቂት ሰከንድ ነው። ለመማር ከዚህ የተሻለ ሁኔታ ማግኘት ይከብዳል።

ሦስተኛው ነጥቡ ነው። ጌሙ መጨረሻ ስለሌለው "ጨርሻለሁ" እና "አልጨረስኩም" የሚል ሁለት ውጤት ብቻ የለውም። ትናንት 8,400 ከነበረ ዛሬ 9,100 ነው። መጨረሻ የነበረበትን ቦታ ቁጥሩ ይወስደዋል። ቁጥሩም ሰው ያመጣል፦ አስትሮይድስ በ1979 ሲወጣ ከፍተኛ ነጥብ ያገኘ ሰው የስሙን ሦስት ፊደላት ማሽኑ ላይ መጻፍ ይችል ነበር። ፊት ለፊት ተገናኝተው የማያውቁ ልጆች በአንድ ማሽን ላይ ለሳምንታት ይፎካከሩ ጀመር።

አራተኛው ጥንቃቄ ይፈልጋል፤ "ለጥቂት አመለጠኝ" የሚለው ስሜት ነው። በቁማር ማሽን ላይ የተደረጉ ጥናቶች እንደሚያሳዩት ሰዎች ለጥቂት ሲስቱ፣ ምንም እንኳ ያው መሸነፍ ቢሆንም፣ የመቀጠል ፍላጎታቸው ይጨምራል። በችሎታ ጨዋታ ላይ ይህ ስሜት እውነት አለው፤ ለጥቂት የሳተ ሰው በእርግጥ እየቀረበ ሊሆን ይችላል። ቁማር ላይ ግን ውሸት ነው፤ ዕጣው ትናንት የቀረባችሁትን አያስታውስም። አእምሯችን ሁለቱን በቀላሉ አይለይም። ስለዚህ አንድ ጌም ሲይዛችሁ መጀመሪያ መጠየቅ ያለባችሁ ይህን ነው፦ የዛሬው ሽንፈቴ ለነገው አጨዋወቴ የሚጠቅም ነገር አስተምሮኛል ወይስ አላስተማረኝም?

ጌሙ ከስክሪኑ ከወረድን በኋላም አብሮን ይሄዳል። በ2000 በሃርቫርድ የሚሠራው ሮበርት ስቲክጎልድና ባልደረቦቹ 27 ሰዎችን ቴትሪስ አጫውተው እንቅልፍ ሊወስዳቸው ሲል የሚታያቸውን ጠየቋቸው። ብዙዎቹ የሚወርዱ ቁራጮች ይታያቸው ነበር። የሚገርመው ከተሳታፊዎቹ አምስቱ የማስታወስ ችግር ያለባቸው ሕመምተኞች መሆናቸው ነው፤ ጌሙን መጫወታቸውን እንኳ የማያስታውሱ አንዳንዶቹ ያው የሚወርዱ ቅርጾች እንደታዩአቸው ተናግረዋል። አእምሯችን የተለማመደውን ነገር፣ እኛ ረስተነውም ቢሆን፣ መደጋገሙን አያቆምም።

ማሽኑ ራሱ ሲሸነፍ

"መጨረሻ የለውም" ስንል ግን አንድ ነገር ዘለልን። ጌሙ የሚኖረው ማሽን ውስጥ ነው፤ ማሽን ደግሞ ወሰን አለው።

የዚያን ዘመን ፕሮሰሰሮች ቁጥር የሚይዙት በአንድ ባይት፣ ማለትም በ8 ቢት ነበር። እያንዳንዱ ቢት 0 ወይም 1 ስለሆነ በ8 ቢት መጻፍ የሚቻሉት ቁጥሮች 256 ናቸው፤ ከ0 እስከ 255። 255 ላይ 1 ስትጨምሩ ባይቱ ሞልቶ ወደ 0 ይመለሳል። ሁሉም ቤቱ 9 የሞላበት የመኪና ኪሎሜትር ቆጣሪ ተገልብጦ ከዜሮ እንደሚጀምረው ማለት ነው።

ፓክማን ላይ በስክሪኑ ታች በኩል የደረሳችሁበትን ደረጃ የሚያሳዩ ፍራፍሬዎች ይደረደራሉ፤ ቢበዛ ሰባት። ፕሮግራሙ የሚያስበው እንዲህ ነው፦ "የደረጃው ቁጥር ከ8 ካነሰ ያንኑ ያህል ፍራፍሬ ሳል፤ ካላነሰ የመጨረሻዎቹን ሰባት ሳል።" ለ255 ደረጃዎች በትክክል ይሠራል። 256ኛው ደረጃ ላይ ግን ቁጥሩ ሞልቶ 0 ይሆናል። 0 ከ8 ያንሳል፤ ስለዚህ ፕሮግራሙ "0 ፍራፍሬ ልሳል" ብሎ ይነሳል። ችግሩ መጀመሪያ ይስልና፣ ከዚያ 1 ይቀንስና፣ ከዚያ "ዜሮ ደረሰ ወይ?" ብሎ መጠየቁ ነው። ከ0 ላይ 1 ሲቀነስ ባይቱ 255 ይሆናል። ስለዚህ 256 ጊዜ ይስላል! ለፍራፍሬ የተመደበው ቦታ ሲያልቅ የሜዳውን ቀኝ ግማሽ በተዘበራረቁ ፊደላትና ቅርጾች ይሞላዋል። ደረጃውን ለማለፍ 244 ነጠብጣብ መልቀም ያስፈልጋል፤ በተበላሸው ስክሪን ላይ ያን ያህል ማግኘት አይቻልም። መንገዱ እዚያ ላይ ይዘጋል። እስከዚያ ድረስ አንድም ነገር ሳያመልጠው የተጫወተ ሰው የሚያገኘው ከፍተኛው ነጥብ 3,333,360 ነው።

በ1981 የወጣው ዶንኪ ኮንግም ተመሳሳይ ጣጣ አለበት። የጊዜ ገደቡ ሲሰላ የደረጃው ቁጥር በ10 ይባዛና 40 ይደመርበታል፤ ውጤቱ ቢበዛ 80 እንዲሆን ተገድቧል። በደረጃ 22 ድምሩ 260 ይሆናል። 260 ግን ባይት ውስጥ አይገባም፤ 256ቱ ይጠፋና 4 ይቀራል። 4 ከ80 ስለሚያንስ ፕሮግራሙ ምንም አልጠረጠረም። ተጫዋቹ በጥቂት ሰከንዶች ውስጥ፣ ምንም ሳያጠፋ፣ ይሞታል።

እነዚህን መጨረሻዎች የጻፋቸው የለም። የፓክማን ሠሪዎች ከ21ኛው ደረጃ በኋላ ጌሙን መለወጥ ራሱ ትተው ነበር፤ ከዚያ በኋላ ያሉት ደረጃዎች ሁሉም አንድ ዓይነት ናቸው። ማን እዚያ ይደርሳል ብለው? ሰዎች ግን ደረሱ። ለሰዓታት ያለ እረፍት ተጫውተው፣ የመናፍስቱን መንገድ በቃላቸው ይዘው፣ ሠሪዎቹ ራሳቸው ያላዩት ቦታ ላይ ቆሙ።

ቴትሪስን ለዘላለም መጫወት ይቻላል?

የማሽኑን ወሰን እንርሳውና፣ የማይደክም፣ የማይሳሳትና ፍጥነት የማያግደው ተጫዋች ቢኖር ቴትሪስን ለዘላለም መጫወት ይችል ነበር? በ1997 ሃይዲ በርጊል የተባለች የሒሳብ ተመራማሪ መልሱን አሳተመች፦ አይችልም። ከቴትሪስ ቁራጮች መካከል እንደ "ኤስ" እና እንደ "ዜድ" የተጠማዘዙ ሁለት አሉ። እነዚህ ሁለቱ ብቻ እየተፈራረቁ ቢመጡ የትኛውም ተጫዋች 70,000 ቁራጭ ሳይሞላው ይሸነፋል። ቁራጮቹ በእውነተኛ ዕጣ የሚመጡ ከሆነ ደግሞ እንዲህ ያለው ሰልፍ፣ ለመምጣት እጅግ ረጅም ጊዜ ቢወስድም፣ አንድ ቀን መምጣቱ አይቀርም። (ዘመናዊዎቹ ቅጂዎች ሰባቱን ቁራጮች በየተራ አደበላልቀው ስለሚያወጡ ይህ ሰልፍ እነሱ ላይ አይመጣም።)

በተግባር ግን የሰውን ልጅ ያቆመው ሒሳቡ ሳይሆን ደረጃ 29 ነበር። አዝራሩን ተጭናችሁ ብትይዙ ቁራጩ ወደ ጎን የሚሄድበት ፍጥነት ከሚወድቅበት ፍጥነት ስለሚያንስ ዳር ሳይደርስ ያርፋል። ለብዙ ዓመታት ይህ የጌሙ መጨረሻ ነው ተብሎ ታመነ። ከዚያ ተጫዋቾች አዝራሩን ከመያዝ ይልቅ እጅን እያንቀጠቀጡ በሰከንድ ከ10 ጊዜ በላይ መምታት ጀመሩ። በኋላ ደግሞ ሌላ ዘዴ መጣ፦ አንዱ እጅ አዝራሩ ላይ ያርፋል፣ የሌላው እጅ ጣቶች ከበሮ እንደሚመታ ሰው የመቆጣጠሪያውን ጀርባ በየተራ ይመታሉ። ግድግዳው ተከፈተ።

በታኅሣሥ 2023 ኦክላሆማ፣ አሜሪካ የሚኖር የ13 ዓመት ልጅ ደረጃ 157 ላይ ሲደርስ ጌሙ ቀጥ ብሎ ቆመ። በዚያ ከፍታ ነጥብ የሚያሰላው የፕሮግራሙ ክፍል ሥራውን በጊዜ መጨረስ አቅቶት ነበር። ከዚያ በፊት ቴትሪስን እስከዚያ ያደረሱት የኮምፒውተር ፕሮግራሞች ብቻ ነበሩ። ጌሙ ከወጣ ከ34 ዓመት በኋላ፣ ጌሙ በወጣበት ዘመን ያልተወለደ ልጅ፣ ማሽኑን "ጌም ኦቨር" አሰኘው።

ጌም ኦቨር የሌለው ነገር

እዚህ ላይ መጀመሪያ ወዳነሳነው ነገር እንመለስ። አርኬድ ጌም መጨረሻ የለውም፤ ማቆሚያ ግን አለው። በየሦስት በየአራት ደቂቃው "ጌም ኦቨር" ይላችኋል። ያቺ ቅጽበት ከሽንፈት በላይ ናት። እጃችሁ ይላላል፣ ቀና ትላላችሁ፣ ውኃ ጥም ይሰማችኋል፣ ሰዓት ታያላችሁ፣ ወረፋ የያዘው ሰው ይታያችኋል። ልቀጥል ወይስ ልሂድ ብላችሁ የምትወስኑት እናንተ ናችሁ።

አሁን ስልካችሁን አስቡ። በጣት እየገፋችሁ የምታዩት የቪዲዮና የፎቶ ሰልፍም መጨረሻ የለውም። ገጽ ቁልቁል በተገፋ ቁጥር ራሱ እየጨመረ እንዲሄድ የሚያደርገውን ንድፍ በ2006 ሠራው የሚባለው አዛ ራስኪን በኋላ ያስከተለውን ነገር እያየ እንደተጸጸተ በይፋ ተናግሯል። ቀድሞ ገጹ ሲያልቅ "ቀጣይ" የሚለውን መጫን ነበረብን፤ ያች ትንሽ መጫን የእኛ ጌም ኦቨር ነበረች። አሁን ጠፍታለች። ተሸነፋችሁ የሚል የለም፣ ነጥብ የለም፣ ከዚህኛው ቪዲዮ ለቀጣዩ የሚሻሻል ችሎታም የለም። አርኬዱና ቪዲዮው ሁለቱም "ማለቂያ የሌላቸው" ቢባሉም አንዱ በየጊዜው ይለቃችኋል፤ ሌላው አይለቅም።

አንዳንድ የስልክ ጌሞችም ወደዚያው እየሄዱ ነው። ስትሸነፉ "ማስታወቂያ አይታችሁ ቀጥሉ" ወይም "በገንዘብ ሕይወት ግዙ" ይላሉ። እውነት ለመናገር የ1980ዎቹ አርኬዶችም በኋላ በኋላ "ለመቀጠል ሳንቲም ጨምሩ" ማለት ጀምረው ነበር። ሽንፈት የሚሸጥ ከሆነ ግን ነጥቡ ችሎታን መለካት ያቆማል፤ የሚለካው ኪስን ይሆናል። በተቃራኒው ፍላፒ በርድን የሠራው ቬትናማዊው ዶንግ ንጉየን በ2014፣ ጌሙ በዓለም ላይ ታዋቂ ሆኖ ሳለ፣ ሰዎችን ሱስ እያስያዘ ነው ብሎ ራሱ ከገበያ አወጣው።

እስቲ ራሳችሁ ሞክሩት

ይህን ሁሉ እንድታምኑኝ አልፈልግም፤ ለኩት። አንድ መጨረሻ የሌለው ጌም ምረጡ፤ እባብ፣ ቴትሪስ፣ ደስ ያላችሁን። ከመጀመራችሁ በፊት 20 ዙር ብላችሁ ወስኑ። ደቂቃ ሳይሆን ዙር ቁጠሩ፤ ምክንያቱም ደቂቃው የሚያልቀው መሐል ላይ ስትሆኑ ነው፣ ዙሩ የሚያልቀው ግን እጃችሁ በላላበት ሰዓት ነው። ከእያንዳንዱ ዙር በኋላ ሁለት ነገር ደብተር ላይ ጻፉ፦ ነጥባችሁንና የተሸነፋችሁበትን ምክንያት በሦስት ቃል።

ሲያልቅ ነጥቦቹን በግራፍ አስቀምጧቸው። መስመሩ ቀጥ ብሎ አይወጣም፤ ይዘላል፣ ይወድቃል፣ ግን ብዙውን ጊዜ ቀስ እያለ ከፍ ይላል። ከዚያ ምክንያቶቹን አንብቡ። መጀመሪያ ላይ የጻፋችሁት ስህተት መጨረሻ ላይ ከጠፋና ሌላ፣ የተሻለ ስህተት ከተተካ፣ ተምራችኋል ማለት ነው። ያው ስህተት ከተደጋገመ ደግሞ ምናልባት ደክሟችኋል፤ የማቆሚያ ሰዓታችሁ ከ20ኛው ዙር በፊት ነበር።

በማግስቱ ይህንኑ በጣት በሚገፋው የቪዲዮ ሰልፍ ላይ ለማድረግ ሞክሩ። ደብተሩ ላይ ምን እንደምትጽፉ ስታጡ የሁለቱ ልዩነት ይገባችኋል።